በጉባኤ መካከል አዲስ ነገር ስለ ማንሣት

«ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለው የአባቶች ቃል በሁሉ ዘንድ የታወቀ ነው። «ዝም አይነቅዝም» የሚለውም እንዲሁ የታወቀ ነው። ሁለቱም ከአንድ ሕዝብ አፍ የወጡ ሲሆኑ አንደኛው ተናገር ብሎ ይመክራል፤ ሁለተኛው ዝም በል ብሎ ይመክራል። እኛም በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ተቀምጠን የሰውን ቃል ስንጽፍ ብዙ ዓመት ስለ ቆየን፣ ሕዝባችን ከእነዚህ ከሁለቱ ምክሮች አብልጦ የሚከተለው የትኛውን እንደ ሆነ ለመመልከት ችለናል። ሁለተኛውን ነው።

ዛሬ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልንጽፍ ያሰብነው ስለ አንደበት ርቱዕነት አይደለም፤ ስለዚያ ከእኛ የበለጡ ሊቃውንት ተናግረውበታል። ያሰብነው ሰዎች በተሰበሰቡበት ስፍራ ከዚያ በፊት ማንም ያላነሣውን ነገር የመጀመሪያ ሆኖ ስለ ማንሣት ነው። ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ አፍን መክፈት ብቻ ነውና። ነገር ግን በቤተ ዘመድ ጉባኤም ሆነ በማኅበር፣ በመሥሪያ ቤትም ሆነ በቅሬ፣ ከዚህ የሚከብድ ሥራ አላየንም።

በፍርድ ቤት ሥርዓት ዳኛ ያልተጠየቀውን አይፈርድም። ከሳሽ በክሱ ያላነሣውን ነገር ዳኛው ምንም ያህል ቢያዝንለት ሊሰጠው አይችልም። በእጃችን ካለፉት መዝገቦች ብዙዎቹ የወንድማማችና የእኅትማማች የውርስ ክርክሮች ናቸው። የተከራካሪዎቹን ቃል በጻፍን ቁጥር የምናየው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም አባት በሕይወት ሳለ «ይህ መሬት ለማን ይሁን?» ብሎ አንድ ሰው ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ከቶ ባልተጀመረ ነበር። ሁሉም በልቡ አስቦት ነበር። ታላቁ ልጅ የአባቱን ሞት የሚጠብቅ እንዳይመስል ፈርቶ ዝም አለ፤ ታናሹ ታላቁ ሳይናገር መናገር ነውር ነው ብሎ ዝም አለ፤ ሴቲቱም ተድራ የሄደች ናትና የጠየቃት አልነበረም። በምድጃው አጠገብ ያልተከፈተው ነገር ከአባት ተዝካር በኋላ በመዝገብ ቁጥር ተከፈተ። ከዚያ ወዲያ እነዚያ ወንድማማቾች በአንድ ገበታ አልቀረቡም።

ይህ በቤት ውስጥ ነው። በሕዝብ ጉባኤ መካከል የሆነውን ደግሞ በተወለድንባት በግራና ያየነውን እንናገራለን።

ግራና በሰሜን ወሎ በሐብሩ ወረዳ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። የቆቦ ግራና ሸለቆ የሚባለው ሰፊ ሜዳ በመስኖ ሥራ ስለ ታወቀ ስሟን ከሩቅ የሰሙ ሹማምንት ብዙ ናቸው። በሌላው አገር ዕድር የሚባለውን ማኅበር እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎረቤት እስከ ሆነ ድረስ በአንድ ቅሬ ይገባል። ሰው የሞተ እንደ ሆነ ለፋፊው ይጮኻል፤ ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው ይወጣል፤ መቃብር የሚቆፍረው ይቆፍራል፤ እንጨትና ውሃ የሚያመጣው ያመጣል፤ ያለ ምክንያት የቀረ መቀጫ ይከፍላል። በየወሩ የሚዋጣው ገንዘብ በሣጥን ይቀመጣል፤ ሣጥኑም የሚከፈተው ለሞተ ብቻ ነበር። እኛም ጽሕፈት ስለምናውቅ የቅሬው ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ እንድንሆን አድርገውናል።

ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ሰሜን ወሎ ገብቶ እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ድረስ በቆየ ጊዜ በየስፍራው ጤና ጣቢያዎች ተዘርፈው መድኃኒት ጠፍቶ እንደ ነበረ አንባቢ ያስታውሳል። ከዚያ በኋላ ባለው ጊዜ የታመመን ሰው ወደ መርሳ ወይም ወደ ወልድያ ለማድረስ ቃሬዛ የሚሸከም ሰውና ለመኪና የሚከፈል ገንዘብ ያስፈልግ ነበር፤ ብዙውም ቤት ሁለቱንም አጥቶ ነበር። ቅሬው በዋርካው ጥላ ሥር በተሰበሰበ በአንድ ቀን፣ ባልዋ ከሞተ ወዲህ በስሟ የምታዋጣ አንዲት ሴት ከዳር ተቀምጣ ሳለች ድንገት ተነሥታ፦

«ወገኖቼ፣ ለሞተ የሚከፈተው ሣጥን ለታመመ የማይከፈተው ስለ ምንድን ነው?» አለች።

ከዚህ በቀር አንዲት ቃል አልጨመረችም። ሰውም ዝም አለ። አንዱ ጋቢውን አስተካከለ፤ አንዱ በከዘራው ምድር ጫረ። የቅሬው ዳኛም ጥቂት ጠብቆ «እሺ፣ ሌላ ነገር ያለው?» አለ። ያን ጊዜ አንድ ሰው ስለ ድንኳኑ ካስማ አነሣ፤ ባለፈው ለቅሶ ሁለት ካስማ ጠፍቶ ነበርና። በዚህ በካስማው ነገር ጉባኤው አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራከረ። አስቀድሞ ዝም ያለው ሁሉ ስለ ካስማ የሚናገረው አላጣም። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ኖርዝኮት ፓርኪንሰን በ1957 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፉ ይህንን የመሰለ ጉባኤ በቀልድ ጽፎት ይገኛል። እርሱ እንደሚለው በአሥር ሚሊዮን ፓውንድ የሚሠራ የአቶም ኃይል ማመንጫ በሁለት ደቂቃ ተኩል ሲያልፍ፣ ለሠራተኞች ቢስክሌት ማቆሚያ የሚሠራው ዳስ አርባ አምስት ደቂቃ ፈጀ። ዳሱ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ስለ ሆነ ነው። ካስማም እንደዚሁ ነው።

ሴቲቱን የተቃወማት አንድም ሰው እንዳልነበረ አንባቢ ልብ ይበል። እኛም ነገሩ ስለ ከነከነን በየቡናው ሰዎቹን አንድ በአንድ ጠየቅናቸው። አንዱ «እኔ ልናገር ስል እገሌ ይቅደም ብዬ ጠበቅሁት» አለን። እገሌንም ብንጠይቀው እርሱ ደግሞ ሌላውን ሲጠብቅ ነበር። አንዱ ሴቲቱ ለራሷ የምትጠይቅ መስሎት አዝኖላት ዝም አለ። አንዱ ግን ሳያፍር እውነቱን ነገረን፤ «መልካም ነው ብዬ ብደግፍ፣ በል እንግዲህ አንተ ሰብስብ ብለው ይሾሙኛል» አለ። ይህንን የመሰለ ሹመት የሚፈራ ሰው በግራና ብቻ ያለ እንዳይመስላችሁ፤ በትልልቁ መሥሪያ ቤትም አይተነዋል።

ከዚህ የተነሣ አሳባችን ተለወጠ። ቀድሞ አዲስ ነገር በጉባኤ የሚሞተው ተቃዋሚ ስለሚበዛበት ይመስለን ነበር። አሁን ግን የሚገድለው የሁለተኛ ሰው መጥፋት መሆኑን እናምናለን። አንድ ሰው የተናገረው የእርሱ የብቻው ነገር ነው፤ ሁለተኛ ሰው ቢነቅፈውም እንኳ ቃል የጨመረበት እንደ ሆነ ግን የጉባኤው ነገር ይሆናል።

መጀመሪያ የሚናገር ሰው የሚደርስበትን ፍርሃት የቀደሙት ሕዝቦችም ያውቁት ነበር። በደቡብ ኢጣልያ ግሪኮች ያቀኗት ሎክሪ የምትባል ከተማ ነበረች። የአቴናው ተናጋሪ ዴሞስቴኔስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ353 ዓመት በጻፈው ክርክር ስለ እርሷ ሲናገር፣ በዚያች ከተማ አዲስ ሕግ ላቅርብ የሚል ሰው አንገቱን በሸምቀቆ አግብቶ እንዲናገር ታዝዞ ነበር ይላል። ሕጉ መልካም ሆኖ ከተገኘ ሰውዬው በሕይወቱ ይሄዳል፤ ካልሆነ ገመዱ ይሳብና ይሞታል። ስለዚህ ከ200 ዓመት በሚበልጥ ዘመን ውስጥ አንድ አዲስ ሕግ ብቻ ወጣ። ያንንም ያወጣው አንድ ዓይና ሰው ነበረ። የአገሩ ሕግ ዓይን ያጠፋ ዓይኑ ይጥፋ የሚል ስለ ነበረ፣ ጠላቱ ያንኑ አንድ ዓይኑን ሊያጠፋበት ዛተበት። አንድ ዓይናውም ጠላቱ አንድ ዓይን ከፍሎ በሁለተኛው ሲያይ እርሱ ፈጽሞ ዕውር ሆኖ መቅረቱን አስቦ፣ በሸምቀቆው ገብቶ፣ የአንድ ዓይና ሰው ዓይን ያጠፋ ሁለቱም ዓይኖቹ ይጥፉ ብሎ አቀረበ፤ ጸደቀለትም። ሁለት ዓይን የነበራቸው የሎክሪ ሰዎች ሕጉ ጎዶሎ መሆኑን ሳያውቁ ቀርተው አይመስለንም። ገመዱን የሚያስንቅ ችግር ስላልደረሰባቸው ነው። የእኛም ሴት ባልዋ የሞተው በመንገድ በቃሬዛ ላይ መሆኑን የሰማነው ከስብሰባው በኋላ ነው።

የእኛ አባቶች ግን ከሎክሪ ሰዎች ይልቅ ለጀማሪው ርኅራኄ ነበራቸው ብንል ማዳላት አይሆንብንም። በቀድሞው ዘመን ሌባው ወይም ነፍሰ ገዳዩ ያልታወቀ እንደ ሆነ አውጫጭኝ ይጠራ ነበር። ያገሩ ሰው ሁሉ በሜዳ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል፤ እያንዳንዱም የሚያውቀውን እንዲናገር ይጠየቃል። ያየውን ሰው ቢናገር የወንጀለኛው ዘመድ የሚበቀለው ነውና፣ «ወፍ ነገረችኝ» ብሎ እንዲናገር ሥርዓቱ ይፈቅድለት ነበር። ወፊቱ ማን እንደ ሆነች ብዙዎቹ ሳያውቁ አይቀሩም፤ ነገር ግን ነገሩ ከሰውዬው ተለይቶ በመካከል ይቀመጣል። ለሐሰተኛ ወሬም በር የሚከፍት ስለ ነበረ ሥርዓቱ ይመለስ አንልም። ነገርን ከተናጋሪው ለይቶ ማየት ግን ዛሬም የሚያስፈልገን ነው፤ በአገራችን «ምን አለ?» ሳይባል አስቀድሞ «ማን አለ?» ይባላልና።

ነገር የሚያነሣውም ሰው በበኩሉ የሚጠነቀቅበት አለ። በልጅነታችን በቅኔ ቤት ሳለን መምህራችን ለጀማሪ ከጉባኤ ቃና በላይ አይሰጡም ነበር። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ያለው የቅኔ ዓይነት ነው። ተማሪው በየቀኑ አዲስ ቅኔ ማምጣት አለበት፤ የትናንቱን መድገም፣ የሰውንም መውሰድ አይቻልም። ስለዚህ ከቁጥቋጦው ሥር ብቻውን ተቀምጦ ሲቆጥር ይውልና በማታ ለመምህሩ ያቀርባል። ረጅሙን መወድስ በመጀመሪያው ቀን ቢያዝዙት ኖሮ ስንቱ ተማሪ አኩፋዳውን ይዞ ወደ አገሩ በተመለሰ ነበር! በጉባኤም አዲስ ነገር የሚያነሡ ብዙዎች የሚሳሳቱት ሁለት ቤት የሚበቃውን መወድስ ስለሚያደርጉት ነው። ከጥንት ይጀምራሉ፤ ምክንያቱን ይደረድራሉ፤ ተቃዋሚ ሳይነሣ ለተቃዋሚው መልስ ይሰጣሉ፤ በመጨረሻም ውሳኔውን ራሳቸው ይናገራሉ። ሰሚው ምን ይጨምርበት? ሁሉ ተሠርቶ ያለቀ ነገር ጉባኤ አያስፈልገውም። የግራናዋ ሴት ያቀረበችው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረ፤ መልሱንም ለሰሚ ትታለች።

ከቅኔ ቤት ወጥተን በሚሲዮን ትምህርት ቤት በገባን ጊዜ ደግሞ ሌላ ልማድ አየን። አንድ አስተማሪ «ጥያቄ ያለው?» ካሉ በኋላ ወንበር ስበው ይቀመጡና መስኮት መስኮቱን ያዩ ነበር። ዝምታው እጅግ ይከብደን ነበር፤ ግን በመጨረሻ ሁልጊዜ አንድ እጅ ይነሣል። አሜሪካዊቷ የትምህርት ተመራማሪ ሜሪ በድ ሮው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ያሳተመችውን ጥናት ያነበብነው ከዚያ ብዙ ዘግይተን ነው። አስተማሪዎች ከጠየቁ በኋላ መልስ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደ ሆነና፣ ሦስት ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ቢጠብቁ የተማሪዎቹ መልስ እንደሚረዝም፣ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር እንደሚጀምሩ ጽፋለች። ክቡራን የመሥሪያ ቤት አለቆች ይህንን በስብሰባቸው ቢሞክሩት ገንዘብ አያስወጣቸውም። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ሰዓቱም ሞልቶ ሳለ፣ «ልዩ ልዩ» በምትባለው በመጨረሻይቱ አጀንዳ ላይ «ሌላ ነገር ያለው?» ማለት ግን እንደ መጠየቅ አይቆጠርም።

ወደ ቅሬው እንመለስ። ከሦስት ወር በኋላ ጉባኤው እንደ ገና ተሰበሰበ። እንደ ልማዳችን ያለፈውን ቃለ ጉባኤ አነበብን፤ የሴቲቱም ቃል ተጽፎ ስለ ነበረ ከካስማው ነገር ጋር ተነበበ። በመካከሉ ባገሩ ጥቂት በመናገር የታወቁ አንድ አዛውንት ነበሩና እጃቸውን አንሥተው አስቆሙን። ወደ ሴቲቱም ዘወር ብለው፦

«ልጄ፣ የዚያን ቀን ያልሽው አልገባኝም ነበር፤ እስቲ ድገሚልኝ» አሏት።

«ምን ልድገም አባቴ፣ የሞተውንማ ሁላችን እንቀብረዋለን፤ ሳይሞት የሚደርስለት ቢኖር ብዬ ነው» አለች።

አዛውንቱ መልካም ነው አላሉም፤ ክፉ ነው አላሉም። ድገሚልኝ ብቻ ነበር ያሉት። ነገር ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የተነሣውን ክርክር ለመጻፍ እጃችን ዛለ። አንዱ «ሞት ለሰው አንድ ጊዜ ነው፤ በሽታ ግን በየሳምንቱ ነው። ሣጥኑ በሁለት ወር ባዶ ሲቀር ሬሳ ያለ ከፈን ልንቀብር ነውን?» አለ። ይህ እውነተኛ ተቃውሞ ነበረ፤ ማንም አላቃለለውም። ሌላው «የታመመውንና ያልታመመውን ማን ይለያል?» አለ። አንድ ሸህ ተነሥተው ብድር ከሆነ ወለድ እንዳይኖርበት አሳሰቡ፤ አንድ ቄስም ደገፏቸው። አንዱ ጎልማሳ ደግሞ «የወላድ ነገር ከበሽታ ይለይልን፤ ምጥ ዕዳ ሊሆን አይገባም» አለ። ይህን የተናገረው ሰው ባለፈው ስብሰባ ስለ ካስማ ሲጮኽ የነበረው ነው።

በሦስተኛው ስብሰባ ነገሩ ተቈረጠ። ከወርኃዊው መዋጮ ሩቡ በሌላ ሣጥን ይቀመጣል፤ ለታመመ ሰው በሁለት ጎረቤት ምስክርነት ያለ ወለድ ይበደራል፤ ማሽላ ሲታጨድ ይመለሳል። ለወላድ ግን ለሞተ እንደሚደረገው ለፋፊው ይጮኻል፤ ተሸካሚ ከየቤቱ ይወጣል፤ የቀረ እኩል መቀጫ ይከፍላል። ሥራው እንደ ታሰበው ሁሉ ያለ እንከን አልሄደም። ከተበደሩት አንዱ እስካሁን አልመለሰም፤ ስለ እርሱም ቅሬው ሁለት ጊዜ ተጣልቷል። ሣጥኑ እንደሚራቆት የተናገረውም ሰው ፈጽሞ አልተሳሳተም፤ በክረምት ወራት ባዶ ሆኖ አይተነዋል። ነገር ግን በኅዳር ወር በአንድ ሌሊት ለፋፊው ጮኾ ሰው ሁሉ ሞት መስሎት ሲወጣ፣ የሚጠብቀው ወላድ የተኛችበት ቃሬዛ ሆኖ አገኘው። ያን ሌሊት ከተሸከሙት መካከል እኛም ነበርን። እናቲቱም ልጂቱም ዛሬ ደኅና ናቸው።

ያች ሴት እስካሁን ከሣጥኑ አንዲት ብር አልተበደረችም። ባለፈው ስብሰባ ግን ሌላ ነገር ይዛ መጣች። የመስኖ ውሃ ተራ በሌሊት ሲደርስ ባል የሌላት ሴት ብቻዋን ከማሳዋ ለመውጣት እንደምትፈራ፣ በዚህም ምክንያት ተራዋ እንደሚያልፍባት ተናግራ፣ «ለእኛ የቀኑን ተራ መስጠት አይቻልምን?» ብላ ጠየቀች። የቅሬው ዳኛ ይህ የውሃ አባት ሥራ እንጂ የቅሬ ሥራ አይደለም አለ። ሌላው ሰው ዝም አለ። እኒያ አዛውንት በዚያን ቀን ጉልበታቸውን አሟቸው አልመጡም ነበር። ቃሏን በቃለ ጉባኤው ጽፈነዋል፤ የሚቀጥለውም ስብሰባ ከጥምቀት በኋላ ነው።